ብዙ ሰው የሚያልፍበት ወይስ ሰው የሚቆምበት? አሳታፊ ኢንስታሌሽን የት ይቁም?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «አራት ሆነን አንድ አሳታፊ ኢንስታሌሽን ሠርተናል። 12 ምሰሶዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ሜትር ይረዝማሉ። ሰው ሲጠጋቸው ይበራሉ፣ ሲነካቸው ድምፅ ያሰማሉ። ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ የተለያዩ ምሰሶዎችን ከነኩ ድምፆቹ ተዋህደው ዜማ ይሆናሉ። ከተማ ውስጥ ለአንድ ወር ልናቆመው ነው፤ ሦስት ቦታም አይተናል። አንዱ ዋናው አደባባይ ነው፣ ሰፊና ክፍት። ሁለተኛው የባቡር ጣቢያው መውጫ ፊት ለፊት ነው፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ይጎርፍበታል። ሦስተኛው በቤተ መጻሕፍትና በመኖሪያ ሕንፃዎች መሃል ያለ ትንሽ ሜዳ ነው፤ ደረጃና ዛፎች አሉት፣ ሰው ግን ከሁለቱ ያንሳል። እኛ ወደ ጣቢያው አዘንብለናል፣ ብዙ ሰው ስለሚያየው። የስቶክሆልሙ የፒያኖ ደረጃም የተሳካው ጣቢያ ላይ ነው። ልክ ነን? ማዘጋጃ ቤቱንስ የምናነጋግረው ቦታ ከመረጥን በኋላ ነው ወይስ በፊት?»

ጣቢያውን ተዉት። ሦስተኛውን ቦታ ምረጡ። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳ፤ እሱ ካልገባችሁ ጥሩ ቦታ ትይዙና ምሰሶዎቹን መጥፎ ጥግ ላይ ታቆሟቸዋላችሁ።

የእናንተ ሥራ በመታየት አያልቅም። ሰው መቆም አለበት። መጠጋት፣ እጁን መዘርጋት አለበት። ከዚያ ደግሞ የማያውቀው ሰው መጥቶ ሌላ ምሰሶ እስኪነካ መጠበቅ አለበት፤ አለበለዚያ ዜማው አይመጣም። ይሄ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ከባቡር የወረደ ሰው ደግሞ ሁሉም ነገር ቢኖረው ጊዜ የለውም።

እስቲ እናስላው። ሰው በተለመደ እርምጃ በሰከንድ 1.3 ሜትር ያህል ይሄዳል። ምሰሶዎቹን ከ20 ሜትር ርቀት ካያቸው እስኪደርስባቸው 15 ሰከንድ ገደማ አለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን እንደሆኑ ይጠይቃል፣ ሌላ ሰው ሲነካ ያያል፣ «እኔስ ብሞክረው?» ይላል። ከአምስት ሜትር ላይ ድንገት ቢገጥመው ግን ያለው ከአራት ሰከንድ ያነሰ ነው። የጣቢያ መውጫ እንደዚያ ነው። ሰውየው ከበሩ ብቅ ሲል ሥራው አፍንጫው ሥር ነው፤ ከኋላው ደግሞ ሌላው ይገፋዋል። ነገሩ ሲገባው አልፎት ሄዷል። በአደባባይ የሚቆሙ መልስ ሰጪ ስክሪኖችን ያጠኑ ሰዎች ይህንኑ አይተዋል። ብዙ ሰው ስክሪኑ ለእንቅስቃሴው ምላሽ እንደሚሰጥ የሚገባው ካለፈው በኋላ ነው፤ ከዚያ ዞሮ ይመለሳል። መመለስ የሚችለው ግን መመለሻ ቦታ ካለው ነው። በሰው ጎርፍ መሃል ወደ ኋላ ዞር ያለ ሰው የሚያተርፈው ክርን ብቻ ነው።

ስለ ፒያኖ ደረጃው ያነሳችሁት ነጥብ መታረም አለበት። በ2009 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስቶክሆልም ውስጥ፣ ኦደንፕላን በሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ መውጫ ላይ፣ ደረጃዎቹ የፒያኖ ቁልፍ መስለው ሲረገጡ ድምፅ እንዲያሰሙ ተደርገው ነበር። ሥራው የቮልስዋገን የማስታወቂያ ዘመቻ አካል ነው። ከወትሮው 66 በመቶ የሚበልጥ ሰው በደረጃው እንደወጣ የነገረን ዘመቻው ራሱ ነው፤ ያውም በአጭር ሙከራ። ከቁጥሩ በላይ ግን አሠራሩን ተመልከቱ። እዚያ ማንም እንዲቆም አልተጠየቀም። ሰውየው ወደ ላይ መውጣት ነበረበት፣ ወጣ፤ ድምፁ በእርምጃው ላይ ተጨመረለት። ያልፈለገውም አጠገቡ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ነበረለት። የእናንተ ምሰሶዎች ከዚህ ተቃራኒውን ነው የሚጠይቁት። ሥራው ሌላ ሆኖ ሳለ ቦታውን ብቻ መኮረጅ አያዋጣም።

ለእናንተ የሚቀርበው ምሳሌ የሞንትሪያሉ ነው። በ2011 በከተማዋ የኪነ ጥበባት ሰፈር 21 ዥዋዥዌዎች ተተከሉ። እያንዳንዱ ዥዋዥዌ ሲወዛወዝ የራሱን ድምፅ ያወጣል፤ ብዙዎቹ አብረው ሲወዛወዙ ደግሞ ብቻውን የሚወዛወዝ ሰው ሊያገኘው የማይችል ዜማ ይወጣል። ሐሳቡ ከእናንተ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ያ ሥራ ከዓመት ዓመት እየተመለሰ የተተከለው ሰው ስለሚቀመጥበት ነው። ዥዋዥዌ ራሱ መቀመጫ ነው፤ ቆይታው አብሮት ተሠርቷል። የእናንተ ምሰሶ መቀመጫ የለውም። ስለዚህ መቀመጫውን ከቦታው መበደር አለባችሁ። ሦስተኛው ቦታ ደረጃ አለው ብላችሁ እንደ ትርፍ ነገር ጣል ያደረጋችሁት መረጃ ለእኔ ከሁሉም በላይ ዋናው ነው።

አሜሪካዊው ዊልያም ኋይት በ1970ዎቹ የኒው ዮርክን ትናንሽ አደባባዮች በካሜራ እየቀረጸ ሰው የት እንደሚቀመጥና የት ባዶ እንደሚቀር አጥንቷል። ያገኘው መልስ ፈገግ ያሰኛል፦ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ሁለተኛው ግኝቱ ለእናንተ ይበልጥ ይጠቅማል። ሰውን ከምንም በላይ የሚስበው ሌላ ሰው ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ በማይተዋወቁ ሰዎች መሃል አንድ የሚያዩት ነገር ሲገባ፣ ሙዚቀኛም ይሁን ሐውልት፣ ዝምታቸው ይሰበራል፤ እርስ በርስ ያወራሉ። የእናንተ ሥራ ያ መሃል የሚገባው ነገር ነው። ግን መጀመሪያ በዙሪያው ረጋ ያሉ ሰዎች ያስፈልጉታል።

የተመልካቹ ነገር ቀላል አይደለም። በ2003 ሃሪ ብሪግኑልና ኢቮን ሮጀርስ የተባሉ ተመራማሪዎች ግብዣ ላይ ትልቅ ስክሪን አቁመው ሰው እንዴት እንደሚቀርበው አጥንተው ነበር። ሰውን ወደ ስክሪኑ የሚጎትተው በአብዛኛው አጠገቡ የተሰበሰበው ሰው ሆኖ ተገኘ። የሚያስቀረው ደግሞ እፍረት ነው። ሰው ሁሉ እያየኝ አጉል ብሆንስ ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሰው ሳይሳተፍ ሊያይበት የሚችል ቦታ ያስፈልገዋል፤ ከሩቅ ያያል፣ ቀረብ ይላል፣ በመጨረሻ ይነካል። ከሩቅ ማያው ቦታ ከሌለ ወደ መጨረሻው የሚደርሰው ደፋሩ ብቻ ነው፣ ማለትም ልጆችና ሞቅ ያላቸው ሰዎች። ደረጃው ላይ የተቀመጠ ሰው ግን እፍረት የለበትም። እንደተቀመጠ ያያል፣ ይስቃል፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይነሳል።

ዋናው አደባባይስ? ከጣቢያው ይሻላል፣ ግን አልመክረውም። ችግሩ መጠኑ ነው። የሰውን እንቅስቃሴ ለይተን ማየት የምንችለው እስከ 100 ሜትር ገደማ ነው፤ የፊቱን ስሜት ለማንበብ ግን 20 ወይም 25 ሜትር ድረስ መቅረብ አለብን። በትልቅ አደባባይ መሃል የቆመ ሦስት ሜትር ምሰሶ ከዳር ላለ ሰው ቀጭን እንጨት ነው። እዚያ ያለው ሰው ሲስቅ አይታይም፣ ሲገረም አይታይም። ሰው ሲደሰት ካላየ ደግሞ ማንም ያን ሁሉ ባዶ መሬት አቋርጦ አይመጣም። በዚያ ላይ ሰው የአደባባይ መሃል ላይ መቆም አይወድም፤ ጀርባውን የሚሰጥበት ግድግዳ፣ ዛፍ ወይም ጠርዝ ይፈልጋል።

ትልቅ አደባባይን የሚሞሉ ሥራዎች አሉ፤ ግን ለዚያ ተብለው የተሠሩ ናቸው። አርቲስቱ ራፋኤል ሎዛኖ ኸመር በ2001 ሮተርዳም ውስጥ ስኻውቡርኽፕላይን በተባለው አደባባይ ያሳየውን ውሰዱ። ከመሬት ላይ የሚወጣ ኃይለኛ ብርሃን የአላፊ አግዳሚውን ጥላ ትልቅ ግድግዳ ላይ ይጥለው ነበር። እንደ ርቀታቸው የሰዎቹ ጥላ ከሁለት ሜትር እስከ 25 ሜትር ይደርሳል። አደባባዩ ማዶ ያለ ሰው እንኳ ምን እየሆነ እንዳለ ይገባዋል። የእናንተ ሥራ የሚለካው በእጅ ነው። ለእጅ የተሠራ ነገር የእጅ ርቀት ያለው ቦታ ይፈልጋል።

አደባባዩ ሌላም ጣጣ አለው። ብዙ የከተማ አደባባዮች ከመሬት በታች ባዶ አይደሉም፤ የመኪና ማቆሚያ፣ የባቡር ዋሻ ወይም የውሃ መስመር አለ። መሬት መቆፈር አይፈቀድላችሁም፤ ምሰሶውን በክብደት ልያዘው ስትሉ ደግሞ ወለሉ ምን ያህል እንደሚሸከም ማስመርመር ሊኖርባችሁ ነው። ሰልፍ፣ በዓል ወይም ኮንሰርት ሲመጣ የመጀመሪያው ተነሺ እናንተ ናችሁ። ወር ሙሉ ሳይነኩኝ እቆያለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ።

አሁን ወደ ብርሃን። ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው፤ ሥራውን የሚሞክሩት ቤት ውስጥ ነዋ! ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው። የመንገድ መብራት የሚያበራው መሬት አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 20 ሉክስ ነው። ማታ ከተማውን የሚያሳምር መብራት ቀን ላይ መብራቱ እንኳ አይታወቅም። ስለዚህ ሥራችሁ ቀን የድምፅ ሥራ ነው፣ ማታ የብርሃን ሥራ ነው። ይህን ተቀበሉና ቦታውን በሁለቱም ሰዓት ሄዳችሁ እዩት። የዛፍ ጥላ እዚህ ላይ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ሰውንም ያቆያል፣ መብራቱንም ያግዛል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም ኃይለኛ የስታዲየም ዓይነት መብራት አጠገብ ከሆነ ግን የማታውንም አጣችሁት።

ሴንሰሩን አልነገራችሁኝም። መጠጋትን የሚለየው በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ለዓይን በማይታይ ብርሃን ከሆነ ተጠንቀቁ፤ የፀሐይ ብርሃን ራሱ ኢንፍራሬድ አለውና ሴንሰሩን ያሳውረዋል። በተለይ ማለዳና አመሻሽ ላይ ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ስትገባበት። መንካትን የሚለየው ደግሞ ሰውነት በሚያመጣው የኤሌክትሪክ ለውጥ ከሆነ ዝናብ እንደ እጅ ሊቆጠርለት ይችላል። ዘንቦ ሌሊቱን ሙሉ ለራሱ የሚዘፍን ኢንስታሌሽን ጎረቤት ሁሉ ይጠላዋል። ቧንቧ ይዛችሁ እርጩበትና ሞክሩት። ከቤት ውጭ ለሚቆም ዕቃ ቢያንስ አይፒ 65 የሚባለውን መከላከያ ደረጃ ጠይቁ፦ አቧራ አያስገባም፣ የሚረጭ ውሃም ይችላል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ጅረት ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚቆርጥ፣ በ30 ሚሊአምፔር የሚሠራ መቁረጫ ሳይገጠም አንድም ሰው እንዳይነካው። በዚህ ድርድር የለም።

ድምፁ የሦስተኛው ቦታ ትልቁ ድካም ነው፤ አልደብቃችሁም። ሰው የሚኖርበት ቦታ ነው። ከአንድ የድምፅ ምንጭ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በስድስት ዴሲቤል ይቀንሳል። አንዱ ምሰሶ አንድ ሜትር ላይ 75 ዴሲቤል ካሰማ፣ 32 ሜትር ላይ ወደ 45 ይወርዳል። ይሄ ምንም አይደለም። 12ቱም በአንድ ጊዜ ሲጮሁ ግን ወደ 11 ዴሲቤል ይጨምራሉ፤ 56 ሆነ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2009 ባወጣው መመሪያ የሌሊት የውጭ ድምፅ ከ40 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ስለዚህ ድምፁ በሰዓት ራሱን የሚቀንስ ይሁን። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይጥፋ፤ ብርሃኑ ብቻ ይቀጥል። ጣቢያው ላይ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። ሥራ የሚበዛበት መንገድ 70 ዴሲቤል ያህል ይጮኻል፤ ለመሰማት እናንተም መጮህ አለባችሁ፣ ስትጮሁ ከጣቢያው የደኅንነት ማስታወቂያ ጋር ትጣላላችሁ። በሰዓት ከሚፈታው ችግርና ከማይፈታው የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ስለ ደኅንነት ሁለት ነገር። አንደኛው መቆሚያው ነው። ሐምሌ 2006 እንግሊዝ ውስጥ በቼስተር ለ ስትሪት ከተማ መናፈሻ ሰው ውስጡ የሚዘዋወርበት ትልቅ በአየር የተነፋ የጥበብ ሥራ ነፋስ ከማሰሪያው ነቅሎ አነሳው። ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ ሌሎችም ተጎዱ። ሰው የሚገባበት ወይም የሚደገፍበት ነገር የሚቆመው በመሐንዲስ ስሌትና ፊርማ ነው እንጂ በግምት አይደለም። ነፋሱ በሰከንድ 20 ሜትር ሲሆን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 25 ኪሎ የሚያህል ግፊት ያሳርፋል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የእናንተ ምሰሶዎች ቀጭን ስለሆኑ ከነፋስ ይልቅ የሚያሰጋቸው የሚንጠላጠልባቸው ጎረምሳ ነው። መሐንዲሱ ስሌቱን ለዚያ ይሥራው። ግን ስፖንሰር መጥቶ በሁለት ምሰሶ መሃል ስድስት ካሬ ሜትር ባነር እንስቀል ካላችሁ እምቢ በሉ። ያቺ ጨርቅ በዚያ ነፋስ 150 ኪሎ ሆና ነው የምትጎትተው።

ሁለተኛው ወለሉ ነው። ሦስተኛው ቦታ «ሜዳ» ነው ብላችኋል። ሣር ነው ወይስ ንጣፍ? ሣር ከሆነ በምሰሶዎቹ ዙሪያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጭቃ ይሆናል። ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ለልዕልት ዳያና መታሰቢያ የተሠራው ፏፏቴ ሐምሌ 2004 ተከፍቶ ሰው እግሩን ሲነክርበት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተንሸራተው የተጎዱ ሰዎች ስለነበሩ ለጊዜው ተዘጋ። በዙሪያው ያለው ሣርም ውሃ አዝሎ ነበር። የብዙ ሺህ እግር ምን እንደሚያደርግ ዲዛይነሮች ሁሌም አሳንሰው ይገምታሉ። ንጣፉ ላይ ቁሙ፤ ንጣፍ ከሌለ የማያንሸራትት ወለል አንጥፉ።

ምሰሶዎቹን የት ጋ እንደምታቆሙም ላስምር። ሰው ሁልጊዜ የሚሄድበትን መስመር አትዝጉ። አሜሪካዊው ቀራፂ ሪቻርድ ሴራ በ1981 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አደባባይ 36 ሜትር የሚረዝም፣ ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ከፍታ ያለው የብረት ግድግዳ አቁሞ ነበር። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች በየቀኑ ዞረውት መሄዳቸው አንገፈገፋቸው። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ሥራው በ1989 ተቆራርጦ ተነሳ። የሥነ ጥበብ ሰዎች ዛሬም በዚህ ይከራከራሉ፤ እኔ ለሁለቱም ወገን አዝናለሁ። ለእናንተ የሚበጀው ግን ግልጽ ነው። መንገዱ በምሰሶዎቹ አጠገብ ይለፍ እንጂ በምሰሶዎቹ መሃል ብቻ አይለፍ። መሳተፍ የማይፈልግ ሰው ሳይነካቸው ወደ ቤቱ መግባት መቻል አለበት።

በምሰሶዎቹ መሃል ቢያንስ 1.8 ሜትር ተዉ፤ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ይተላለፋሉ። አንድ ወንበር ቦታው ላይ ለመዞር 1.5 ሜትር ይፈልጋል። የሚነካው ክፍል ከመሬት ከ40 እስከ 120 ሴንቲሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይሁን፣ ሕፃንም ተቀማጭም እንዲደርስበት። ለዓይነ ስውራን የተሰመረውን ጎርበጥባጣ ንጣፍ አትርገጡት። የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ የቱ ጋ እንደሆነ ከከተማው ጠይቁ፣ ራሳችሁ አትገምቱ።

ሰው ያበላሽብናል የሚለው ሥጋት መልስ ይፈልጋል። ግንቦት 2024 ደብሊንና ኒው ዮርክ ከተሞችን በቀጥታ ቪዲዮ የሚያገናኝ ክብ ስክሪን መንገድ ላይ ቆመ። የደብሊኑ ሰው የኒው ዮርኩን ያያል፣ እጁን ያወዛውዛል። አብዛኛው ሰው በደስታ ተጠቀመበት። ጥቂቶች ግን ነውር ሠሩ፣ የማይሆን ምስል ካሜራው ላይ አሳዩ። ከሳምንት በኋላ ለጊዜው ተዘጋ። አዘጋጆቹ ወደ ሥራ የመለሱት ሁለት ነገር ለውጠው ነው፦ ሰዓቱን ገደቡት፤ ሰው ካሜራው ላይ ሲለጠፍ ምስሉ እንዲደበዝዝ አደረጉ። በዚህ ምክንያት ቦታውን ትተው አልሄዱም። ትምህርቱ ሥራው ያልተፈለገ ባሕርይ ሲያይ ራሱ መልስ ይኑረው የሚል ነው። ምሰሶውን የሚደበድብ ሰው ድምፁ እየጨመረለት ከሄደ ዱላውን ሸለማችሁት ማለት ነው። ሲመታ ዝም የሚል፣ ቀስ ብለው ሲነኩት የሚዘፍን አድርጉት። በኮድ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ከጥበቃ ሠራተኛ ደሞዝም ይረክሳል። ሦስተኛው ቦታ ላይ ደግሞ መስኮቶች አሉ። ሰው ያየኛል ብሎ የሚያስብ ሰው የሚሰብረው ነገር ያንሳል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ግን መስኮቱም ይተኛል፤ ደብዘዝ ያለ ቋሚ መብራት ተዉለት እንጂ ፈጽሞ አታጨልሙት።

ማዘጋጃ ቤቱን የምታነጋግሩት ከመምረጣችሁ በፊት ነው። ያውም ከእሱ በፊት የመሬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ እወቁ። ክፍት የሆነ ሁሉ የሕዝብ አይደለም። ኒው ዮርክ ከ1961 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት አደባባይ ለሚተው ሕንፃ ተጨማሪ ፎቅ ትፈቅዳለች፤ በዚህ የተነሳ ማንም የሚቀመጥባቸው፣ ግን የግል ይዞታ የሆኑ ብዙ ቦታዎች አሏት። የጣቢያ ፊት ለፊትም አብዛኛውን ጊዜ የባቡር ድርጅቱ ነው፣ የራሱ ደንብና የራሱ ጥበቃ አለው። የመሬት፣ የኤሌክትሪክና የድምፅ ፈቃድ ከተለያየ ጠረጴዛ ሊመጣ ይችላል። ሦስቱንም ቦታ ይዛችሁ ሂዱና የትኛው ላይ ምን ችግር እንዳለ ጠይቁ። መርጠን ጨርሰናል ብሎ የሚመጣ ቡድን «አይሆንም» ይባላል፤ ምከሩን ብሎ የመጣው ግን ከሥር ያለፈው ገመድ የት እንደሆነ ሳይቀር ይነገረዋል። የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ በተለይ አትርሱ። መብራትና ዕቃ ማስቀመጫ የምታገኙት ከእሱ ነው፤ ጸጥታ ፈላጊም እሱ ነው። መጀመሪያ ካልጠየቃችሁት መጀመሪያ የሚከስሳችሁ ይሆናል።

ከፊርማ በፊት ቆጠራ አድርጉ። አንድ የሥራ ቀንና አንድ የዕረፍት ቀን በየሰዓቱ አሥር አሥር ደቂቃ ቁሙ። ያለፈውን ሰው ብቻ አትቁጠሩ። የቆመውን፣ የተቀመጠውን፣ ከሁለት ደቂቃ በላይ የቆየውን ለዩ። በወረቀት ላይ የቦታውን ንድፍ ሥሩና ሰው የቆመበትን ሁሉ በነጥብ ምልክት አድርጉ። ነጥቦቹ የሚጠራቀሙበት ጠርዝ አለ። ምሰሶዎቹ የሚቆሙት እዚያ አጠገብ ነው እንጂ በነጥቦቹ ላይ አይደለም፤ ሰው የሚወደውን መቀመጫ ከነጠቃችሁት የመጣችሁበትን ሰው አባረራችሁ። ከዚያ 12 የካርቶን ቱቦ አቁሙና ለአንድ ከሰዓት በኋላ እዩ። መብራት አያስፈልገውም። ሰው በየት በኩል እንደሚዞራቸው፣ ልጆች የትኛውን እንደሚገፉ፣ ብስክሌት የት እንደሚያልፍ ካርቶኑ ይነግራችኋል።

የሦስተኛው ቦታ ገደብም አለ። የሚያገኘው ሰው ጥቂት ነው፣ ያውም በየቀኑ የሚመላለስ ያው ሰው። አንድ ዜማ ብቻ ካለው በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል። በየሳምንቱ ድምፆቹን ቀይሩ። ቁጥር የሚፈልግ ስፖንሰር ካላችሁም አሁኑኑ ንገሩት፤ የምታቀርቡለት የአላፊዎችን ብዛት ሳይሆን የተሳታፊዎችንና የቆይታቸውን ቁጥር ነው። ይህን የማይቀበል ስፖንሰር ከሆነ ወደ ጣቢያው ይጎትታችኋል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ሦስተኛው ቦታ፤ ከደረጃው ፊት ለፊት ስምንት ወይም አሥር ሜትር ርቃችሁ፣ ከመተላለፊያው ጎን፣ በዛፎቹ ጥላ ጠርዝ ላይ። ከመንገዱ በኩል ቢያንስ ከ20 ሜትር እንዲታይ። በቆጠራው ደረጃው ላይ የሚቀመጥ ሰው ከጠፋ፣ ወይም ነዋሪዎቹ ድምፁን በጭራሽ ካልተቀበሉት፣ ወደ አደባባዩ ሂዱ፤ ግን መሃሉን ትታችሁ መቀመጫ ያለበትን አንዱን ዳር ያዙ፣ ምሰሶዎቹንም አቀራርቧቸው። ጣቢያውን የግድ ከፈለጋችሁት ለሌላ ጊዜ ሌላ ሥራ ሥሩለት፣ ሰው ሳይቆም በእርምጃው ብቻ የሚያስነሳውን።